የጥሩሐረግ ጉቶ

መሬቱን ለገበሬው የሚያከፋፍሉት ደልዳዮች ገመዳቸውን ጠቅልለው ቀይ አፋፍ የደረሱት በ1983 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ ነው። ቀይ አፋፍ ከሰቆጣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ናት፤ ከላይ ገደል፣ ከታች ሸለቆ የያዛት፣ ሰዉ እቤቱ ኽምጥኛ፣ ገበያ ሲወጣ አማርኛ የሚናገርባት ትንሽ መንደር። ጥሩሐረግ ያን ጊዜ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ ካሤ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የቀራት ልጅ አንድ ደረሰ ብቻ ነው፤ እሱም ገና አሥራ አራት ዓመቱ።

ካሤ የተወላት መሬት ሁለት ዓይነት ነበር። ከቤቷ በታች ለጥ ያለ፣ ሁለት ጥማድ የሚሆን የገብስ ማሳ አለ። ከቤቷ በላይ ደግሞ ድንጋይ የበዛበት ተዳፋት ተንጠልጥሏል፤ እዚያ ላይ የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ደልዳዮቹ ማሳውን በገመድ ለኩና ለእሷና ለልጇ የሚገባው ያው ነው አሉ። ተዳፋቱን ግን ቀና ብለውም አላዩት።

"እሱ የጋራ ግጦሽ ይሆናል" አለ የድልድል ኮሚቴው ሊቀ መንበር ባንተአምላክ። ባንተአምላክ የመንደሩ ሰው ነው፤ ከካሤ ጋር አንድ ላይ ያደገ፣ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ።

"የካሤ አያት ያቆሙት ደን እኮ ነው፣ አያ ባንተአምላክ።"

"ነበረ። አሁን ጉቶ ነው። ጉቶ አይደለደልም።"

ጥሩሐረግ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ከተሰበሰቡት ሴቶች መሀል ወጣ አለች። "እንግዲያው ከሁለቱ ጥማድ አንዱን ውሰዱና ተዳፋቱን በስሜ ጻፉልኝ።"

ሰው ሳቀ። አንዳንዱ ያልሰማ መስሎት ጎረቤቱን ጠየቀ። በዋግ ምድር ለጥ ያለ መሬት እንደ ልጅ የሚሳሳለት ነገር ነው። እሱን ሰጥቶ ገደል የሚወስድ ሰው እስከዚያ ቀን አልታየም።

"ምን ነካሽ?" አለ ባንተአምላክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ልጅሽን ድንጋይ ልታበይው ነው?"

"ልጄን ያበላሁት ከዚያ ነው። ታውቀዋለህ።"

ባንተአምላክ ያውቀዋል። እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቀዋል።

ከ77 ድርቅ በፊት ተዳፋቱ እንዲህ አልነበረም። ከላይ ጽድ፣ ከመሀል እስከ ታች ወይራ ለብሶ፣ ሰው ሲገባበት ፀሐይ የምትጠፋበት ነበር። የካሤ አያት "ከዚህ ደን የደረቀ እንጂ የቆመ አይቆረጥም" ብለው ተናዘው ስለሞቱ፣ ካሤም አባቱም ምሳር አስገብተውበት አያውቁም። ዝናቡ አንድ ክረምት ቀረ፤ ሁለተኛም ቀረ። በሬዎቹ ሞቱ፤ ፍየሎቹ አለቁ። ያን ጊዜ ካሤ ምሳሩን ስሎ ወደ ላይ ወጣ። እሱ እየቆረጠ ጥሩሐረግ ትፈልጥ ነበር። አህያዋ ስለሞተች እንጨቱን በጀርባቸው ተሸክመው ሰቆጣ ያወርዱታል፤ በጣሳ እህል ለውጠው ይመለሳሉ። ካሤ ሲደክም እሷ ራሷ ምሳሩን ትቀበለዋለች። መጨረሻ ላይ የቀረችውን፣ ከትልቁ ቋጥኝ አጠገብ የነበረችውን ወይራ፣ ለመጣል ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ ጉልበት ስላልነበራቸው እንጂ ዛፏ ያን ያህል ግዙፍ ሆና አይደለም። ደረሰ በዚያ እህል ተረፈ። ታናሽ እህቱ ግን አልተረፈችም።

ዝናብ የመጣ ጊዜ ተዳፋቱ ራቁቱን ነበር። ጎርፉ ድንጋዩንና ቀዩን አፈር እያግበሰበሰ የገብሱ ማሳ ላይ ደፋው። ካሤ ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ ቀና ብሎ ማየት አይወድም ነበር። በ81 ፍየል ሊገዛ አበርገሌ ወርዶ ንዳድ ያዘው፤ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ቤቱ ካደረሱት በኋላ አንድ ሳምንት አልቆየም።

ጥሩሐረግ የካሤ ተዝካር ሰሞን ነው ተዳፋቱ ላይ ብቻዋን ወጥታ ጉቶዎቹን ያየቻቸው። ጽዱ ሞቷል፤ ጉቶው ግራጫ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። የወይራዎቹ ግን ከሥራቸው እየበቀሉ፣ ፍየል እየጋጣቸው፣ እንደገና እየበቀሉ፣ እንደ እሾህ ቁጥቋጦ ምድር ለምድር ተኮማትረዋል። አራት ዓመት ሙሉ ሲበሉና ሲያቆጠቁጡ ኖረዋል ማለት ነው። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ስትነሳ ግን ሌላ ሰው ሆና ተነሳች።

እንግዲህ በዚያ በድልድሉ ቀን፣ ሰዉ ሲስቅባት፣ ባንተአምላክን እንዲህ አለችው፦ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ የወጋሁት ነኝ፤ ግን አልረሳሁም። ጻፈው።"

ባንተአምላክ የኮሚቴውን ጸሐፊ አየ። ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀ። ጻፉት።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ካብ ነበር። ድንጋዩን ከዚያው ከተዳፋቱ እየለቀመች ዙሪያውን ካበች። ሁለተኛው ሥራ ከፍየል ጋር ጦርነት ነበር፤ የዋግ ፍየል ደግሞ በካብ የሚመለስ አይደለም። የራሷን ስድስት ፍየሎች ሸጠች። የሰው ፍየል ስታገኝ ቀንዱን ይዛ እየጎተተች ባለቤቱ ደጅ ታስራለች። አንድ ቀን ያሰረቻቸው ሦስቱ የባንተአምላክ ነበሩ። ሚስቱ ወጥታ ሰደበቻት፤ ጥሩሐረግ ግን በማግስቱ እነዚያኑ ፍየሎች እንደገና ይዛ እዚያው ደጅ አሰረቻቸው።

"ሰው ፍየል ያረባል፣ የኔ እናት ጉቶ ታረባለች" ይል ነበር ደረሰ። ቀልድ መስሎ ጀመረ፤ እያደገ ሲሄድ ግን ቀልድነቱ ቀረ። መንደሩም ተዳፋቱን "የጥሩሐረግ ጉቶ" አለው። ስሙ ለፌዝ ወጥቶ ስም ሆኖ ቀረ።

ማንም ስላላስተማራት በስሕተት ተማረች። አንድ ጉቶ ሃያ ሠላሳ ቀንበጥ ያወጣል። መጀመሪያ ሁሉንም ተወቻቸው፤ እርስ በርስ ተቃቅፈው ቁጥቋጦ ሆኑ እንጂ አላደጉም። በሚቀጥለው ዓመት አንድ አንድ ብቻ አስቀርታ ሌላውን በማጭድ አወረደችው፤ የየካቲት ነፋስ ግማሹን ከሥሩ ገነጠለው። በሦስተኛው ሦስት ሦስት አስቀረች፤ እነሱም ወደ አቀበቱ ከሚያየው የጉቶው ጎን፣ ከአፈሩ ጋር ተያይዘው የወጡትን። እነዚያ ቆሙ። ጉቶዎቹን በየስማቸው ነበር የምታውቃቸው፤ ስማቸውም በ77 ያመጡት እህል ነው። አንዷ ማሽላዋ ናት፤ አንዷ ጓያዋ። ከቋጥኙ አጠገብ ያለችው የሦስት ቀኗ፣ ስንዴዋ ትባላለች። ይህን ስም ለሰው አትናገርም ነበር፤ ደረሰ ብቻ አንዳንዴ ስታጉረመርም ይሰማታል።

በ88 ምንዋጋው መጣ። ምንዋጋው ከኮሌጅ የወጣ፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ የልማት ሠራተኛ ነው። ሰነፍ አልነበረም፤ እዚያው ዋግ ውስጥ እስካለችው ዝቋላ ወረዳ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ነበር። በአህያ አስጭኖ ያመጣው የባሕር ዛፍ ችግኝ ለየቤቱ ታደለ፤ ለጥሩሐረግም አራት መቶ ደረሳት።

"እማማ፣ ይህ ቦታ ለባሕር ዛፍ የተፈጠረ ነው" አላት ተዳፋቱ ላይ ቆሞ። "ጉቶውን ይንቀሉልኝ። ጉድጓዱን እኔ አስቆፍርልዎታለሁ። በአምስት ዓመት አጣና፣ በስምንት ዓመት ምሰሶ ይሸጣሉ።"

"ጉቶው አይነቀልም።"

"ወይራ እኮ እድገቱ አዝጋሚ ነው። እስኪደርስ እርስዎ ይኖራሉ?"

"የካሤ አያት ይህን ደን ሲያቆሙ እኖራለሁ ብለው መሰለህ?"

ምንዋጋው ፈገግ አለ፤ ተስፋ አልቆረጠም። "እሺ፣ ጉቶው ይቅር። በመሀል በመሀሉ ይትከሉት።"

"ልጄ፣ ባሕር ዛፍህ ውኃ ሲጠጣ ጎረቤት አያስተርፍም። እኔ ደግሞ እንግዳ አስገብቼ ባለቤቱን አላስጠማም።"

"ታዲያ ችግኙን ምን ላድርገው?"

"ለአገኘሁሽ ስጣት፤ እሷ ትፈልጋለች።"

አገኘሁሽ ጎረቤቷ ናት፤ እንደ እሷው ባሏ የሞተባት። ምንዋጋው ችግኙን ሰጣት፤ በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው ስብሰባም "አዲስ ነገር አንቀበልም የሚሉ አሉ" ብሎ ተናገረ። ስም አልጠራም፤ ሰው ሁሉ ግን ዞሮ ጥሩሐረግን አያት። እሷም ከተቀመጠችበት ተነሳች።

"አዲሱን አልጠላሁም። አሮጌው ሳይሞት አልቀብርም ነው ያልኩት" አለችና ተቀመጠች።

እውነቱን ለመናገር፣ የአገኘሁሽ ባሕር ዛፍ በደንብ ያዘ። በ93 አጣናውን ሸጣ ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰችው። ጥሩሐረግ ይህን አላስተባበለችም፤ ቆርቆሮው ሲመታ መዶሻውን አቀብላለች። ደረሰ ግን ያን ቀን አልነበረም። ከዚያ በፊት፣ በ91፣ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዷል። የሄደ ለታ እንዲህ ተባብለው ነበር የተለያዩት፦

"አንድ ጥማድ ለጉቶ ሰጠሽ። ያ ጥማድ የኔ ነበር።"

"ያንተ ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

"አንተን በሌላ ሰው እህል አላሳደግሁህም፤ በዚያ ጉቶ ነው። ሞቷል ቢሉኝ እቀብረው ነበር። አልሞተም፤ ምን ላድርግ?"

"አንቺ ያልሞተውን ስትጠብቂ እኔ ልሙት" አለና በትሩን አንሥቶ ወጣ። ተከትላ አልጠራችውም። ከቤቷ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ሆና ግን ሸለቆውን እስኪሻገር ድረስ አየችው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም።

ደረሰ የተመለሰው በ95፣ ዝናቡ እንደገና በቀረበት ዓመት ነው። ወባ አመንምኖት፣ ጉንጮቹ ገብተው፣ ከገንዘብ ይልቅ ሳል ይዞ መጣ። ያ ዓመት እንደ 77 አልነበረም፤ የእርዳታ እህል በወቅቱ ደርሶ ሰው አልረገፈም። ከብቱ ግን መኖ አጥቶ መንገድ ላይ መውደቅ ጀመረ። ከሰል ነጋዴዎች ከሰቆጣ እየመጡ ያልተቆረጠ ዛፍ ያለው ሰው ይፈልጉ ጀመር። በአካባቢው የቆመ ወይራ ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቀንበጦቹ ግንድ ሆነው፣ የሰው ጭን ያህል ወፍረው፣ ቁመታቸው ቤት አልፏል።

አንድ ጠዋት ጥሩሐረግ ከውኃ ስትመለስ ምሳሩ ከተሰቀለበት የለም። ወደ ላይ ሮጠች። ደረሰ ከስንዴዋ አጠገብ ቆሟል፤ ምሳሩን አንሥቷል፤ ገና አልመታም። ጥሩሐረግ ሄዳ በግንዶቹና በልጇ መሀል፣ ጉቶው ላይ ተቀመጠች።

"ተነሽ፣ እምዬ።"

"አልነሳም።"

"ሁለት በሬና አንዲት ላም አለን። በዚህ ሳምንት ይሞታሉ። በ77 ቆርጣችሁ የለ? ለምን ዛሬ አይቆረጥም?"

"በ77 ሌላ አልነበረንም። ዛሬ ግን አለን። ቀና በልና እየው።"

"ምኑን?"

"ቅጠሉን።"

ከወገቧ ማጭድ አወጣች። ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጋች ሴት ብትመስልም ገና ሃምሳዋ ነው፤ እንደ ልጅ ወደ ግንዱ ወጣች። ከታች ያለውን ቅርንጫፍ ብቻ፣ ከግንዱ አንድ ጣት ተወት እያደረገች፣ ቅጠሉን ከነጭራሮው አወረደችው። ደረሰ ምሳሩን ጥሎ ሲሸከም ዋለ። ካቡ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ማንም ያልጋጠው የደረቀ ሣር ደግሞ እስከ ጉልበት ቆሞ ነበር። እሱንም አጨዱ። ላሚቱና በሬዎቹ ከረሙ።

ነገሩ በሦስት ቀን ውስጥ መንደሩን አዳረሰ። በአራተኛው ቀን ከካቡ ውጪ ሰው ተሰልፏል። ከፊት የቆመው ባንተአምላክ ነው፤ ሽበት ወርሶታል፣ ከሊቀ መንበርነቱም ወርዷል።

"ጥሩሐረግ፣ ማፈሬን እወቂልኝ" አላት።

"የእፍረት ቀን አይደለም። ምሳር የያዘ እዚያው ያስቀምጥ፤ ማጭድ የያዘ ይግባ። አንድ ጀርባ የሚችለውን፣ በቀን አንዴ። ከዛፉ ወገብ በላይ ያለ ቅርንጫፍ የነካ ሰው ሁለተኛ አይገባም።"

አንድ ጎረምሳ ነክቶ ተባረረ፤ አባቱ ቢለምንም አልተመለሰም። ሌላው ሁሉ ቃሉን ጠበቀ። ያን ክረምት ቀይ አፋፍ ከብቶቿን አላጣችም ማለት አይቻልም፤ አጥታለች። ግን ለማረስ የሚበቃ በሬ ተርፎ ነበር።

ደረሰ ሁመራ አልተመለሰም። ዛፍ መውጣት ያን ጊዜ ለመደ፤ ሚስት አገባ፤ ከእናቱ ጋር ግን ስለ አንዱ ጥማድ መነታረኩን አልተወም። ይተዋል ብላ እሷም አልጠበቀችም።

የጥሩሐረግ ችግር ከዚያ በኋላ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ደኑ አማረና የሚያየው በዛ። በ98 መኪና መምጣት ጀመረ። ቦርሳ ያነገቱ ሰዎች ይወርዳሉ፤ ፎቶ ያነሣሉ፤ "ማን ነው የጠበቀው?" ሲሉ፣ የወቅቱ የቀበሌ ሰዎች "ማኅበረሰቡ" ይላሉ። የተራቆቱ ኮረብታዎችን ከልሎ ማስመለስ የዚያን ዘመን ሥራ ነበር፤ ለብዙ ኮረብታም በጅቷል። ግን ገና ቁጥቋጦ ያላወጣውን ኮረብታ ከማሳየት ያደገውን ማሳየት ይቀላል። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ከካቡ በር ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የብረት ሰሌዳ ተተክሎ አገኘች። ማንበብ ስለማትችል ደረሰን ጠራችው።

ደረሰ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል። ጣቱን እያስከተለ አነበበ፦ "የተከለለ የማኅበረሰብ ደን። መቁረጥ፣ ማጨድ፣ ከብት ማስገባት ክልክል ነው።"

"ማጨድም?"

"ማጨድም።"

"መመልመልስ?"

"እሱ አልተጻፈም። ግን መቁረጥ ውስጥ ይገባል መሰለኝ።"

ጥሩሐረግ ሰሌዳውን ዞረችው። "አሥራ አምስት ዓመት ያልቆረጥኩትን አትቁረጪ አሉኝ?" አለች። ከዚያ ዶማ አመጣች። ደረሰ ሊያግዛት ሲል "አንተ አትንካው፤ ልጆች አሉህ" ብላ መለሰችው። ብቻዋን ነቀለችው፤ እንደ ጭራሮ ሸክም በጠፍር ጀርባዋ ላይ አሰረችው፤ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ተሸክማ ወረደች። ስብሰባ ላይ ነበሩ። ግድግዳው ላይ አስደገፈችውና "ዕቃችሁ እኔ በር ላይ ተረስቶ ነበር" አለቻቸው።

በማግስቱ የባሰውን አደረገች። የአገኘሁሽ ሞፈር ተሰብሮ በእርሻ ወቅት ተቸግራ ነበር። ጥሩሐረግ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እያያት፣ አንድ ወይራ ቆረጠች። ከ77 ወዲህ ከሥሩ የቆረጠችው የመጀመሪያው ዛፍ ነው። ሞፈሩን ለአገኘሁሽ፣ ጫፉን ለድግር፣ ጭራሮውን ለማገዶ አከፋፈለች። ሚሊሻዎቹ ሳይመሽ መጡና ወሰዷት፤ ሁለት ቀን በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር አደረች።

በማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ሦስት ዳኞች ተቀመጡ። የቀበሌው ተወካይ ክሱን አነበበ፤ የመንግሥት ሰሌዳ ነቅላለች፣ የተከለለ ደን ጨፍጭፋለች። ባለሙያ ተብሎ ከወረዳ የተላከው ሰው ምንዋጋው ሆኖ ተገኘ። ጠጉሩ ከፊቱ ሸሽቷል፤ ጫማው ያው አቧራ ነው።

"ጨፈጨፍሽ ወይ?" አለ የመሀል ዳኛው።

"አንድ ቆርጫለሁ። ልታዩት ከፈለጋችሁ ቦታው ቅርብ ነው።"

ወጡ። ዳኞቹ እያለከለኩ፣ እሷ ከፊት። የተቆረጠበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ከአንድ ጉቶ ሦስት ግንድ ወጥቶ ነበር፤ አንዱ አሁን የለም።

"ለምን እሱን?" አላት ምንዋጋው፣ ከሌሎቹ ቀድሞ።

"አንገቱን አጣሞ የወንድሙ ደረት ላይ ተኝቶ ነበር። እሱ ካልሄደ ሁለቱም ይታመማሉ። ቆሜ ያየሁት ሦስት ዓመት ነው፤ የአገኘሁሽ ሞፈር ባይሰበር ኖሮም በዚህ ዓመት ይሄድ ነበር።"

ምንዋጋው ሁለቱን የቀሩ ግንዶች ዳሰሰ። "በ88 ጉቶውን ይንቀሉ ያልኩዎት እኔ ነኝ" አለ፣ ዳኞቹ እንዲሰሙት አድርጎ። "ባስነቀልኩበት ሌላ ቦታ አሁን ወይራ የለም። ደኑን የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ያ ግን ደንቡን አይሽረውም። ሁሉም እንዲህ አስቦ አይቆርጥም።"

"ሁሉም እኔ አይደለም" አለች ጥሩሐረግ። "ይህ ቦታ ተዳፋት ሲሆን የማንም አልነበረም። ዛፍ ሲሆን የሁሉም ሆነ። በመሀል ያለውን አሥራ አምስት ዓመት ግን የሚጠራው ሰው የለም። ጠባቂ አድርጋችሁኝ ከሆነ ቁልፉን እንኩ። ባለቤት ከሆንኩ ግን ምሳሬም የኔ ነው።"

ባንተአምላክ ሳይጠራ ከሰው መሀል ወጣና በ83 ተዳፋቱ በስሟ የተጻፈው በአንድ ጥማድ ማሳ ልዋጭ እንደሆነ፣ ያስጻፈውም እሱ ራሱ እንደሆነ መሰከረ። አሮጌው መዝገብ ተፈልጎ፣ አይጥ ጠርዙን በልቶት፣ ተገኘ።

ፍርዱ ግማሽ ማር ግማሽ ሬት ነበር። ተዳፋቱ የጥሩሐረግ ይዞታ ነው፤ በዚያው ዓመት በሚታደለው የመሬት ደብተር ላይ በስሟ ይስፈር። ሰሌዳው ወደ ሌላ ኮረብታ ይሂድ። ነገር ግን ከእንግዲህ ለምትቆርጠው ለእያንዳንዱ ዛፍ አስቀድማ ከቀበሌው ፈቃድ ትጠይቅ።

ደረሰ ተናደደ። "በገዛ ዛፍሽ?" አለ።

ጥሩሐረግ ግን "እሺ፣ እጠይቃለሁ" አለች፤ ደረሰም ያን ጊዜ ፊቷን አይቶ አንድ ነገር እንዳሰበች ገባው።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሳይከፈት ደጁ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ጸሐፊው ብርሃን የሚባል ትሑት ሰው ነው። "አንድ ቀንበጥ ልቆርጥ ነው፤ ፈቃድ ጻፍልኝ" አለችው። ከመቀነቷ ፈትታ አውራ ጣት የምታህል ቀንበጥ አሳየችው። "ይቺን የምትመስል፣ ከላይኛው ካብ አራተኛው ጉቶ ላይ ናት።"

"እማማ፣ ቀንበጥ እኮ ዛፍ አይደለም።"

"ካልተቆረጠ ዛፍ ይሆናል። ዳኞቹ 'እያንዳንዱ' ብለዋል።"

ብርሃን ጻፈ፤ ማኅተም መታ። ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። ረቡዕም። አንዳንድ ቀን በአንዴ ሠላሳ ትጠይቃለች፤ እያንዳንዱን በየተራ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደሆነ፣ ለምን መሄድ እንዳለበት እየነገረች። ብርሃን የጻፈውን እንዲያነብላት ትጠይቀዋለች፤ ከላይ ያለውን ከታች ብሎ ከጻፈ ይታረም ትላለች። ሊቀ መንበሩን ለማነጋገር ከአበርገሌ አፋፍ ድረስ የመጣ ባለጉዳይ ወረፋው እስኪደርሰው ስለ ወይራ አስተዳደግ ሰምቶ ይሄዳል። ጽሕፈት ቤቱ ለመንፈቅ የተመደበለት ወረቀት በሁለት ወር አለቀ። አዲሱ ሊቀ መንበር መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

"ምንድን ነው የሚፈልጉት እማማ?" አላት።

"ፈቃድ። እናንተ ናችሁ ያላችሁት።"

ለምንዋጋው ደብዳቤ ተጻፈ። ምንዋጋው ራሱ መጣ፤ ከጥሩሐረግ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ተዳፋቱ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። የምትመለምለውን አሳየችው፤ የምታሳሳውን አሳየችው፤ አሥር ዓመት ሳይነኩ መቆየት ያለባቸውንም አሳየችው። እሱ ደግሞ በሁለት ቦታ ላይ ተከራከራት። በአንዱ ረታችው፤ በሌላው ግን "ይህን አላወቅሁም ነበር" ብላ አመነችለት። ማታ ከመሄዱ በፊት በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ወረቀት ጻፈ፤ ሊቀ መንበሩም ሳያመነታ ማኅተሙን አሳረፈባት።

ደረሰ ቤት ውስጥ ነው ያነበበላት፦ "ወይዘሮ ጥሩሐረግ በይዞታቸው ላይ ያለውን ደን በራሳቸው አስተያየት ይመልምሉ፣ ያሳሱ፣ ይቁረጡ።"

"ድገመው" አለችው። ደገመላት።

"ይቁረጡ የሚለው ላይ አልቸኩልም" አለችና ወረቀቱን ተቀብላው ለምራቷ ሰጠቻት። ያን ሰሞን የላይኛውን ካብ ጎርፍ ንዶት ነበርና፣ ዶማዋን ይዛ ወደዚያ ወጣች።